ሰው ሁሉ በአንድ ልክ ስለሚሰፋባት ከተማ የምንሠራው ክሊፕ፦ አማፂዎቹም ተመሳሰሉብን

የአዌቱ ዳር ልጅ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። በጅማ ከተማ የምንኖር አምስት ጓደኛሞች ነን፤ አንዱ ይዘፍናል፣ አንዱ ካሜራ ይይዛል፣ የቀረነው ከልብስ እስከ ጄኔሬተር ያለውን እንሸከማለን። በአሁኑ ጊዜ ለአንድ የአራት ደቂቃ ዘፈን ክሊፕ እያዘጋጀን ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ግራጫ ልብስ በሚለብስባት፣ በአንድ ደወል በሚነሣባትና በአንድ ደወል በሚተኛባት፣ ከሰልፍ አንድ እርምጃ የወጣ ወዲያው በሚታይባት ስም የለሽ ከተማ ውስጥ ነው።

መክፈቻው የቡና ለቀማ ነው። አንዲት ልጅ ጠረጴዛ ላይ ከተዘረጋው ቡና መካከል የጠቆረችውን አንዲት ፍሬ አንሥታ ልትጥላት ስትል ሐሳቧን ትለውጥና በመዳፏ ትደብቃታለች። አመፁ ከዚያ ይጀምራል፤ መጨረሻ ላይ አሥራ ስድስት ወጣቶች ግራጫውን ልብስ አውልቀው በቀይ ሸሚዝ አደባባይ ላይ ይወዛወዛሉ።

ችግሩ የተፈጠረው ልምምድ ላይ ነው። አሥራ ስድስቱ እግር ከእግር፣ እጅ ከእጅ ገጥመው ሲጨፍሩ የዘጠኝ ዓመት እኅቴ በር ላይ ቆማ ስታይ ቆየችና፣ «እነዚህኛዎቹስ የየትኛው ትምህርት ቤት ናቸው?» ብላ ጠየቀችኝ። ሁላችንም ሳቅን፤ ማታ ላይ ግን እንቅልፍ ነሣኝ። ውዝዋዜው ካልተባበረ ለዓይን አያምርም፤ ከተባበረ ደግሞ አንዱን ዩኒፎርም አውልቀን ሌላውን የለበስን ያስመስለናል። ሙያው ያላችሁ ብትመክሩን ምስጋናችን የላቀ ነው።

ሌንስ ጠራጊ

እኅትህ ያየችው ነገር የብዙ ታላላቅ ክሊፖች የቆየ ጣጣ ስለሆነ አትደንግጥ። ጃኔት ጃክሰን እ.ኤ.አ. በ1989 «ሪትም ኔሽን»ን ስታወጣ ክሊፑ በጥቁርና ነጭ የተቀረጸ፣ ቦታው የተተወ ፋብሪካ የመሰለ፣ ተወዛዋዦቹም ከእርሷ ጋር የወታደር የሚመስል ጥቁር ልብስ የለበሱ ነበሩ። እዚያ አንድነቱ ራሱ መልእክቱ ነው፤ የዘር መድልዎን በጋራ እንቋቋም የሚል ዘፈን ስለሆነ አብሮ መርገጡ ያምርበታል። የእናንተ ዘፈን ግን «ከሰልፉ ውጡ» እያለ እግር ካስተካከለ ቃሉና እግሩ ይጣላሉ።

የበለጠ የሚያስገርመው ግን ክዊን የተባለው የእንግሊዝ የሮክ ቡድን የሠራው «ሬዲዮ ጋ ጋ» ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው ይህ ክሊፕ ፍሪትዝ ላንግ በ1927 ካቀረበው «ሜትሮፖሊስ» ከተሰኘው ድምፅ አልባ ፊልም ላይ ምስሎችን ወስዷል፤ አንገታቸውን ደፍተው ወደ መሬት ሥር የሚጋዙት ሠራተኞች የዚያ ፊልም ናቸው። በክሊፑ ውስጥ በረድፍ የቆመ ነጭ ለባሽ ሕዝብ እጁን ወደ ላይ እየዘረጋ ሁለት ሁለት ጊዜ ያጨበጭባል፤ ትእይንቱ ሆን ተብሎ የታዛዥ መንጋ መልክ የተሰጠው ይመስለኛል። በዓመቱ ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. ቡድኑ በለንደኑ ዌምብሌይ ስታዲየም ዘፈኑን ሲጫወት ሰባ ሺህ የሚያህል ተመልካች ማንም ሳያዘው ያንኑ ጭብጨባ በአንድ ላይ ደገመው። የኮንሰርቱ ዓላማ ደግሞ እንደምታውቁት በሰባ ሰባቱ ድርቅ ለተጎዳው ለእኛው ወገን ገንዘብ ማሰባሰብ ነበር። ያንን ቪዲዮ ባየሁ ቁጥር ሁለት ስሜት ይይዘኛል፤ የመንጋ ምልክት ሆኖ የተሠራው እንቅስቃሴ ለወገኔ የተዘረጋ እጅ ሆኖ አየዋለሁ።

ስለዚህ ምክሬ፣ ኅብረቱን አታጥፉት፤ ከየት እንደመጣ ግን አሳዩ። አንዷ ልጅ ምቱን ስታ ትርገጥ፤ ሁለተኛው ያንን ስሕተት አይቶ ይቀበላት፤ ሦስተኛው በራሱ መንገድ ያጣምመው። ካሜራው ከጣሪያ ላይ ሆኖ ሰልፉን ከማየት ይልቅ ጉልበት ሥር ወርዶ ጫማ ጫማቸውን ይከተል። ቀዩንም ሸሚዝ ተዉት፤ እያንዳንዱ ከቤቱ የራሱን ልብስ ይዞ ቢመጣ ወጪውም ይቀንስላችኋል።

ሲኒ አጣቢ

እኔ ስለ ክሊፕ ብዙም አላውቅም፤ ነገር ግን ቡና ማበጠሪያ ቤት ስድስት ዓመት ስለሠራሁ ስለ መክፈቻው አንድ ነገር ልበል። የጠቆረች ፍሬ የምትጣለው መልኳ ስለተለየ ብቻ ሳይሆን በውስጧ ስለተበላሸች ነው፤ ጥቂት እንኳ ከተቆላው ጋር ከገባች የጀበናውን ሁሉ ጣዕም ታበላሻለች። የጅማ ሰው ያቺን ልጅ ጥቁሯን ፍሬ ስትደብቅ ሲያይ «ጎሽ» አይልም፤ «ምን ነካት?» ነው የሚለው። በዚህ ላይ እንክርዳድን ከስንዴ መለየት በጎ ሥራ ነው ተብለን ያደግን ሰዎች ስለሆንን ልባችን ከለቃሚዋ ጋር ነው የሚቆመው። እናንተ ለአመፁ እንድናዝን ስትፈልጉ እኛ ለቡናው እናዝናለን ማለት ነው።

ከዚያ ይልቅ ክቧን ፍሬ ውሰዱ። በአንድ እሸት ቡና ውስጥ ብዙ ጊዜ ሁለት ፍሬዎች ጠፍጣፋ ጎናቸውን ገጥመው ይበቅላሉ፤ አንዳንዴ ግን አንዷ ብቻዋን ታድግና ድብልብል ትሆናለች። ከመቶው አምስት ያህሏ እንዲህ ናት ይባላል። ጣዕሟ እንከን የለውም፤ እንዲያውም ለብቻዋ ተለይታ የምትሸጥበት ገበያ አለ፤ በወንፊት የምትለየው በቅርጿ ብቻ ነው። ለካሜራም ትመቻለች። ጠረጴዛውን ጥቂት ዘንበል ብታደርጉት ሌሎቹ በጠፍጣፋ ጎናቸው ተኝተው ሲቀሩ እርሷ ብቻዋን ትንከባለላለች።

የፈረንጅ አራዳ ሽማግሌ

ልጆቼ፣ እንደምን ከረማችሁ። ስለ ግራጫ ልብስና ስለ ደወል ስታወሩ እኛ በወጣትነታችን ካኪ ለብሰን ያየነው ዘመን ትዝ አለኝና ነው የምጽፈው። ጅማ የከፋ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ በነበረችበት በደርግ ጊዜ ለሰልፍ እንጠራ ነበር፤ መፈክር ሲወርድ ሁሉም ግራ እጁን ጨብጦ ያነሣል፤ የቀረ ሰው ስሙ ይመዘገባል። የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ፤ መፈክር አይጠብቅም። አንድ ቀን ከፊት ለፊቴ የቆሙ እናት ጃንጥላቸውን በግራ እጃቸው ይዘው ስለነበር መፈክሩ ሲወርድ ቀኛቸውን አነሡ። ካድሬው መጥቶ ትክ ብሎ አያቸው። እርሳቸውም ትክ ብለው አዩትና፣ «ልርጠብ እንዴ ልጄ?» አሉት። መልስ አጥቶ ሄደ።

ሴትዮዋ ተቃውመው ይሁን ብርድ ፈርተው እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤ ጠይቄያቸውም አላውቅም፤ ጎመን በጤና በሚባልበት ዘመን እንዲህ ያለ ጥያቄ አይጠየቅም ነበር። በቀጣዩ ሰልፍ ግን ደመና ሳይኖር ጃንጥላ የያዘ ሰው ሁለት ሦስት አየሁ። አመፅ ሁልጊዜ ልብስ አውልቆ አደባባይ አይወጣም። በዚያን ጊዜ የነበሩ ዘፋኞችም «አንቺ» እያሉ ስለ ፍቅር ሲያዜሙ እኛ ወርቁን ለይተን እንሰማ ነበር፤ ሳንሱር አድራጊውም ምናልባት ይሰማ ነበር፤ ሰሙ ግን አያስከስስም።

አንድ ነገር አደራ እላችኋለሁ። የጅሬኑን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የጨካኙ ገዥ መኖሪያ አድርጋችሁ እንዳትቀርጹት። ቅርስ ነው፤ ታሪኩም የእናንተ ተረት አይደለም።

ሌንስ ጠራጊ

ጋሼ፣ ስለ ጃንጥላው እግዜር ይስጥልኝ። ወጣቶቹን አንድ ነገር ላስታውስ፦ መንገድ ላይ ከመቅረጻችሁ በፊት የፈቃድ ደብዳቤ ያዙ፤ ተመሳሳይ ልብስ የለበሰ አሥራ ስድስት ሰው ያለ ወረቀት መንገድ ላይ ቢሰለፍ ክሊፑ ሳያልቅ ታሪኩ እውነት ይሆንባችኋል። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ከሆነ ዝናብ ሲጀምር የስፒከሩ ድምፅ ስለማይሰማ ዘፋኙ ምቱን እንዳይስት በጆሮ ማዳመጫ ይከተል።

የአዌቱ ዳር ልጅ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ ተሰብስበን ስክሪፕቱን ግማሽ ያህል ቀደድነው። ጥቁሯ ፍሬ ወጥታ ክቧ ገብታለች፤ ከአንድ ኪሎ ቡና ውስጥ ስንለቅም አምሽተን አንድ እፍኝ አገኘን፤ በእርግጥም ይንከባለላሉ። ቀዩ ሸሚዝ ቀርቷል። የአደባባዩ ውዝዋዜ ይቅር ወይስ ይኑር በሚለው ላይ ግን ሦስት ለሁለት ተከፍለናል። ዘፋኙ «ያለ ውዝዋዜ ማን ያየዋል?» ይላል፤ እኔ ደግሞ በአንዲት አሮጊትና በአንድ ጃንጥላ ብንጨርስ እወዳለሁ። የምትጫወትልን ሴት አግኝተናል፤ የካሜራ ባለሙያችን አያት ናቸው፤ ግራ እጃቸውን ስለሚያማቸው ጃንጥላው ቀላል መሆን አለበት።

ጋሼ፣ አንድ ጥያቄ ልጨምር፤ የእኚያ እናት ጃንጥላ ምን ዓይነት ነበር?

የፈረንጅ አራዳ ሽማግሌ

ጥቁር ነበር። አንድ ዘንጉ ተሰብሮ በክር ታስሯል፤ በዚያ በኩል ውኃው ትከሻቸው ላይ ይንጠባጠብ ነበር።