ጎንደር ላይ ማታ ያየነው ሳተላይት የምን ይሆን?

የማራኪዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ። ጥምቀት አልፎ ሰማዩ ጥርት ብሏል አይደል፣ ትናንት ማታ 2 ሰዓት ገደማ ማራኪ ሰገነት ላይ ከእህቴ ጋ ሆነን አንድ ነገር ከአዘዞ በኩል ተነስቶ ወደ ደባርቅ አቅጣጫ ሲሄድ አየን፣ አውሮፕላን እንዳንለው ድምፅም ቀይ መብራትም የለው፣ እየደመቀ እየደበዘዘ ነው የሚሄደው፣ መሀል ሰማዩን አለፍ እንዳለ ድርግም ብሎ ጠፋ። እህቴ የኛዋ ሳተላይት ናት ትላለች፣ ትሆን እንዴ?

የአራዳ ልጅ፦
አይኤስኤስ ይሆናላ፣ ሰዎች ያሉበት የጠፈር ጣቢያ። 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሆኖ በ90 ደቂቃ ምናምን ምድርን ይዞራል፣ እኔም አይቸዋለሁ በጣም ነው የሚደምቀው።

አንገረብ ማዶ፦
አይኤስኤስ አይመስለኝም ወንድሜ፣ የሱ ብርሃን እንደዛ አይዋዥቅም። እየደመቀ እየደበዘዘ ከሄደ የሚገለባበጥ ነገር ነው፣ ብዙ ጊዜ ሳተላይት አድርሶ ባዶውን የቀረ የሮኬት አካል ነው፣ የሚቆጣጠረው ስለሌለ ሲንከባለል አንዴ ሰፊ ጎኑን አንዴ ጫፉን ለፀሐይ ይሰጣል። ድርግም ያለው የምድር ጥላ ውስጥ ስለገባ ነው። እኛ ጋ ቢመሽም እሱ ከፍ ስላለ ፀሐይ ያገኘዋል፣ የምናየውም ያንን ብርሃን ነው እንጂ የራሱ መብራት የለውም።
የኛዋ ኢቲአርኤስኤስ 1፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ከቻይና የመጠቀችው፣ 70 ኪሎ ገደማ ብቻ ናት፣ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ በባዶ ዓይን አትታይም። እህትሽ ግን ጠያቂ ልጅ ናት፣ በርቺ በይልኝ።
አሁን ሄቨንስ አቦቭ የሚባለው፣ ሳተላይቶች መቼ በየት እንደሚያልፉ የሚያሳየው ድረ ገጽ ላይ ግቢና ቦታውን ጎንደር አድርጊ፣ ሰሜን 12.6 ምሥራቅ 37.5፣ ቀኑን ምረጪ። ሰዓቱን ብቻ ተጠንቀቂ፣ የኛ ማታ 2 ሰዓት እዛ 20:00 ነው። በየትኞቹ ኮከቦች አጠገብ ነው ያለፈው?

የማራኪዋ፦
ሦስቱ የተደረደሩት ኮከቦች የሉ፣ የነሱን ጎን ታክኮ ነው ያለፈው። ገብቼ አየሁት፣ 20:04 ላይ ከደቡብ ወደ ሰሜን የሚያልፍ አለ፣ ካርታው ላይ መስመሩ በሦስቱ ኮከቦች በኩል ሄዶ መሀል ላይ ይቋረጣል፣ ስሙ መጨረሻ ላይ አር ስላሽ ቢ ይላል።

አንገረብ ማዶ፦
በቃ አገኘሽው፣ አር ስላሽ ቢ የሚሉት የሮኬት አካል ሲሆን ነው፣ መስመሩ የተቋረጠበትም ጥላው ውስጥ የገባበት ነው። ሌላ ጊዜ ስታዩ የጠፋበትን ደቂቃ እዛው ስልክሽ ላይ ጻፊው፣ በዛ ሰዓት የሚያልፈው ብዙ ስለሆነ በሁለት ደቂቃ ልዩነት ሌላ ልታገኚ ትችያለሽ።