«አምስተኛው ውሃ» በእርግጥ መጨረሻ ይወጣል?

ደረጀ፦ በትናንቱ የመምህራን ሥልጠና ላይ አሠልጣኙ ስለ ሰማያዊው ኮፐር ሰልፌት (በክሪስታሉ ውስጥ ለአንድ መዳብ አምስት ውሃ ስላለው ጨው) ሲሞቅ ውሃውን እንዴት እንደሚያጣ ሲያስረዱ «አራቱ ውሃዎች ከመዳቡ ጋር ስለተያያዙ ቀድመው ይወጣሉ፤ አምስተኛው ግን ከሰልፌቱ ጋር በሃይድሮጅን ቦንድ (የአንዱ ሃይድሮጅን ከሌላው ኦክስጅን ጋር በሚፈጥረው መሳሳብ) ስለታሰረ መጨረሻ ይወጣል» አሉ። ከመዳብ ጋር የተያያዘው ለቅቆ በሃይድሮጅን ቦንድ የታሰረው የሚቆየው በየትኛው ኬሚስትሪ ነው?

ትዕግሥት፦ አቶ ደረጀ፣ አሠልጣኙ ከኪሳቸው አላወጡትም። ሁለቱ ውሃዎች በ63፣ ሁለቱ በ109፣ የቀረው አንዱ በ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ እንደሚወጡ ሁላችንም አስተምረናል። አንዱ ብቻውን ወደኋላ መቅረቱ አምስተኛው ለመሆኑ በቂ ምስክር ነው።

ደረጀ፦ ለመሆኑ «አምስተኛው» የሚሉት ውሃ ቁጥር ተለጥፎበታል? ጨው ሲሞቅ የቀነሰውን ክብደት የሚለካው ሚዛን ስንት ውሃ እንደወጣ እንጂ የትኛው እንደወጣ አይናገርም።

ሰናይት፦ ቁጥሩንማ ተመራማሪዎቹ ቢቨርስና ሊፕሰን በ1934 እ.ኤ.አ. ክሪስታሉን በኤክስሬይ አጥንተው ለጥፈውበታል። በመዳቡ ዙሪያ አራት ውሃዎች በ1.97 አንግስትሮም (አንዱ የሚሊሜትር አሥር ሚሊዮንኛ ነው) ገደማ፣ ከላይና ከታች ደግሞ ሁለት የሰልፌት ኦክስጅኖች በ2.4 ገደማ ርቀት ይገኛሉ። አምስተኛው መዳቡን ሳይነካ ከሌሎቹ ውሃዎች ሁለት ሃይድሮጅን ቦንድ ይቀበላል፤ በራሱ ሃይድሮጅኖች ደግሞ ሁለት የሰልፌት ኦክስጅኖችን ይይዛል። በአራት አቅጣጫ የተያዘን ውሃ መናቅ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ኃይሉ፦ ኤክስሬይን እንዲህ ባናመልከው ጥሩ ነው። ኤክስሬይ የሚያየው ኤሌክትሮኖችን ነው፤ ሃይድሮጅን ያለው ደግሞ አንድ ኤሌክትሮን ብቻ ስለሆነ የ1934ቱ ጥናት ቦንዶቹን ከኦክስጅኖች ርቀት ገመተ እንጂ ሃይድሮጅኖቹን አላየም። ቦታቸውን ያሳየው በኤክስሬይ ፈንታ ኒውትሮን የተጠቀመው የ1962ቱ (እ.ኤ.አ.) ጥናት ነው።

ሰናይት፦ ኒውትሮኑ ግምቱን አጸና እንጂ አላፈረሰውም፤ ክርክሩን ወደ መሣሪያ አታሽሹት።

ደረጀ፦ እኔም ካርታውን አልካድኩም፤ ነገር ግን ካርታው የባለአምስት ውሃው ነው። ሁለት ውሃ ከወጣ በኋላ የሚቀረው ባለሦስት ውሃው ክሪስታል ሲጠና ሦስቱም ውሃዎች ከመዳቡ ጋር ተያይዘው ተገኝተዋል፤ በባለአንድ ውሃውም ያ «አምስተኛ» የተባለው በሁለት መዳቦች መካከል ድልድይ ሆኖ ተቀምጧል። ስለዚህ በ200 ዲግሪ የሚወጣው ውሃ የሚለቅቀው መዳብን ነው። ሰልፌት ላይ ተንጠልጥሎ የጠበቀ ውሃ የቱ ላይ ነው ያለው?

ትዕግሥት፦ ታዲያ ክሪስታሉ በየደረጃው እንደ አዲስ የሚዋቀር ከሆነ፣ መዳቡን የያዘው ያው አምስተኛው ውሃ ቦታ ቀይሮ አለመሆኑን በምን አወቁ?

ደረጀ፦ እኔ አላወቅሁም፤ አሠልጣኙም አያውቁም። የተቃወምኩት በሃይድሮጅን ቦንድ ስለታሰረ ነው የሚለውን ምክንያት ነው።

ትዕግሥት፦ ፈተና ላይ «መጨረሻ የሚወጣው የትኛው ነው?» ተብሎ ሲመጣ ተማሪዬ ይህን ሁሉ ይጻፍ?

ደረጀ፦ ጥያቄው ይሰረዝ።

ትዕግሥት፦ ፈተና አውጪው እርስዎን አያማክርም፤ እኔ እንደ መጽሐፉ አስተምራለሁ።

ሰናይት፦ እኔም ከትዕግሥት ጋር ነኝ፤ ኃይሉ ግን «አላየም» ያለውን ያስተካክል።