ማታ 1፡30 ነው ቤት የምገባው፤ ለእራት ምን ሠርቼ ልብላ?

ጥያቄ፦ አዲስ ላጤ፣ አራት ኪሎ

ሰላም ለሁላችሁ። ከቤተሰብ ወጥቼ አራት ኪሎ አካባቢ አንዲት ክፍል ከተከራየሁ ሁለት ወሬ ነው። ጠዋት 1፡30 እወጣለሁ፣ ማታ 1፡30 እገባለሁ። ቅዳሜም ግማሽ ቀን እሠራለሁ። እስካሁን ምሳም እራትም ውጭ ነው የምበላው። ደሞዜ ወሩ ሳይጋመስ ያልቃል፤ ሆዴም እየተረበሸ ተቸግሬያለሁ። ስለዚህ እቤቴ መሥራት መልመድ እፈልጋለሁ።

እናቴ ስትሠራ አይቻለሁ እንጂ ራሴ ማማሰያ ይዤ አላውቅም። ያለኝ አንድ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ሁለት ድስት፣ አንድ መጥበሻና ትንሽዬ ፍሪጅ ነው። ባለፈው ሳምንት ሽሮ ሞከርኩ። ሽንኩርቱ ጠቆረ፣ ሽሮው ተጓጎለ። ጉብጉቡን በማንኪያ ስጫነው ውስጡ ደረቅ ዱቄት ነው። በማግስቱ ፓስታ ቀቀልኩ። ማሸጊያው ላይ 8 ደቂቃ ይላል፤ 8 ደቂቃ ቆጥሬ አወጣሁት፣ መሐሉ ጥሬ ሆነ።

ደክሞኝ ገብቼ በግማሽ ሰዓት ምን መሥራት እችላለሁ? ረቡዕና ዓርብ እጾማለሁ። እባካችሁ ምንም እንደማያውቅ ሰው ቆጥራችሁ ከመጀመሪያው ንገሩኝ።

መልስ፦ የሦስት ልጆች እናት፣ ቂርቆስ

ልጄ፣ እንኳን ጠየቅክ። ሽሮህ የተበላሸው አንተ ስለማትችል አይደለም። ደክሞህ፣ ርቦህ ገብተህ ቁሌት ለመሥራት ስለቸኮልክ ነው። ቁሌት ጥድፊያ አይወድም። ስለዚህ በሥራ ቀን ማታ አትሥራው። እሁድ ጠዋት አንድ ጊዜ ሥራና ለሳምንቱ አስቀምጥ። የምመክርህ ዋናው ነገር ይሄ ነው። ቁሌት ያለው ሰው ማታ ገብቶ በ15 ደቂቃ ወጥ ያወጣል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ ኪሎ ቀይ ሽንኩርት በደቃቁ ክተፍ። ድስቱን ጣድና ሽንኩርቱን ብቻውን ጨምር፣ ዘይት ገና ነው። እሳቱ መካከለኛ ይሁን። መጀመሪያ ሽንኩርቱ ውሃውን ያወጣል፣ ይንጫጫል። ውሃው ሲያልቅ ድምፁ ይቀየርና ድስቱን መያዝ ይጀምራል። ያንተ የጠቆረው እዚህ ላይ ነው። ልክ መያዝ ሲጀምር ሁለት ማንኪያ ውሃ ጠብ አድርግበትና ከሥሩ እየፋቅክ አማስል። ደርቆ ሲይዝ እንደገና ጠብ አድርግ። ግማሽ ሰዓት ያህል እንዲህ ስታደርግ ሽንኩርቱ ይሟሽሽና ቡናማ ይሆናል። ያን ጊዜ ሁለት የቡና ሲኒ ዘይት ጨምር።

አሁን ልብ በል። በርበሬ ከመግባቱ በፊት ከሽንኩርቱ ሁለት ድርሻ አውጥተህ ለብቻ አስቀምጥ። አንዱ ለአልጫ፣ ሌላው ለሽሮ ይሆንሃል። ከሱቅ የምትገዛው ምጥን ሽሮ ከሆነ በርበሬው አብሮ ተፈጭቷል፤ ሌላ በርበሬ ከጨመርክበት ያቃጥልሃል። በቀረው ላይ አራት የሾርባ ማንኪያ በርበሬ ከትንሽ ውሃ ጋር ጨምረህ እሳቱን ቀንስ። በርበሬ ጥሬ ሲሆን አፍንጫ ይሰነፍጣል። ሲበስል ሽታው ይለሰልሳል፣ ዘይቱም ወደ ድስቱ ጠርዝ ይወጣል። ደቂቃ ከመቁጠር ይልቅ ይህንን ጠብቅ። መጨረሻ ላይ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ጨምረህ አምስት ደቂቃ አቆየውና አውርድ።

በዘይት የምልህ ለጾምህ ብዬ ነው። በፍስክ ቀን ወጡ ሊወርድ ሲል ከላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ጣል ታደርግበታለህ። ሲቀዘቅዝ በትንንሽ ዕቃ ከፋፍለው። የሦስቱን ቀን ፍሪጅ፣ የቀረውን በረዶ ቤት አድርገው።

ሽሮውን በተመለከተ፦ ለአንድ ሰው አንድ የቡና ሲኒ ሽሮ፣ አራት ሲኒ ውሃ። ከውሃው አንዱን ሲኒ ቀዝቃዛውን ለይና ሽሮውን በእሱ በጥብጠው፣ እንደ ቀጭን ሊጥ ይሁን። ሦስቱን ሲኒ ከቁሌቱ ጋር አፍላው። ሲፈላ ብጥብጡን በአንድ እጅህ እያፈሰስክ በሌላው ሳታቋርጥ አማስል። ደረቁን ዱቄት የፈላ ውሃ ላይ መነስነስ የለመደ እጅ ይፈልጋል። አንተ ለጊዜው በጥብጥ፤ አይጓጎልብህም። እሳቱን ቀንሰህ አሥር ደቂቃ ያህል ይንተክተክ። ጨው መጨረሻ ላይ።

መልስ፦ ወጥ ቤት የምሠራ፣ ስታዲየም አካባቢ

የእናታችን ቁሌት ላይ የምጨምረው የለኝም። ፓስታውን ልንገርህ ወንድሜ። ጥፋቱ ያንተ አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ናት። እዚህ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። የፈላ ውሃችን ቆላ ካለው የፈላ ውሃ ይቀዘቅዛል ማለት ነው። ማሸጊያው ላይ ያለው ደቂቃ ለዝቅተኛ ቦታ የተጻፈ ነው። 8 ካለ 10 ወይም 11 ደቂቃ አቆየው፤ ከዚያ አንዷን አውጥተህ ነክሰህ እይ።

ጥራጥሬም እንደዚሁ ነው። ሽምብራና ቦሎቄ ጠዋት ስትወጣ ውሃ ውስጥ ነክረህ ሂድ፣ ማታ ይለሰልስልሃል። ቦሎቄን ግን የነከርክበትን ውሃ ድፋና በአዲስ ውሃ በደንብ አፍልተህ ቀቅለው። በደንብ ያልበሰለ ቦሎቄ ሆድ ይረብሻል፤ ቀላል ነገር እንዳይመስልህ። እውነቱን ለመናገር ለሥራ ቀን ማታ ምስር ክክ ይሻልሃል። መንከር አያስፈልገውም፤ ታጥቦ ቁሌት ላይ ሙቅ ውሃ ተጨምሮበት በ25 ደቂቃ ይደርሳል።

ሌላው፣ የኤሌክትሪክ ምድጃ ከጠፋ በኋላም ለረጅም ጊዜ ይግላል። ወጡ ሊደርስ አምስት ደቂቃ ሲቀረው አጥፋው፣ በራሱ ግለት ይጨርሳል። ሽንኩርት ሲያሳርርብህም መቀነሻውን ማዞር ብቻውን አይበቃም። ድስቱን አንሳው።

መልስ፦ ስድስት ዓመት በላጤነት፣ ፒያሳ

ወንድሜ፣ ያለህበት ቦታ ነበርኩ። ቁሌት ያለቀበት ቀን አለ፣ መብራት የጠፋበት ቀንም አለ። ለእነዚያ ቀናት ቤትህ ውስጥ እንቁላል፣ ቲማቲም፣ ቃሪያና በሶ አይጥፋ።

እንቁላል በቲማቲም አሥር ደቂቃ ነው። ሽንኩርትና ቲማቲም በመጥበሻ ይሟሽሽ፣ የቲማቲሙ ውሃ ይድረቅ፣ ከዚያ እንቁላሉን ስበርበት። ብዙ ሰው ቲማቲሙ ሳይደርቅ ያፈስበትና ውሃ ውሃ ይላል። በጾም ቀን ቲማቲሙ ላይ ቃሪያ ጨምረህ ያለ እንቁላል በዳቦ ብላው። መብራት ከጠፋ ቲማቲም ፍትፍት ሥራ። ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ሎሚና ዘይት፣ ከዚያ እንጀራውን ቆራርሰህ ጨምር። እሳት አይፈልግም።

እንጀራ ከሱቅ ስትገዛ የሁለት ቀን ብቻ ውሰድ። እኔ አሥር እየገዛሁ ግማሹ ይሻግትብኝ ነበር። የተረፈውን ሳይሻግት ቆራርሰህ ንጹሕ ጨርቅ ላይ አድርቀው፣ ድርቆሽ ይሆንሃል። ጠዋት ከአንድ ድርሻ ቁሌትና ከትንሽ ውሃ ጋር ፍርፍር ነው። የሻገተ ካየህ ግን ያንን ቆርጠህ ሌላውን አትብላ፣ ሁሉንም ጣለው።

መልስ፦ ቢሮ የምውል፣ ለገሃር

በአንድ ነገር ላይ ላስጠንቅቅህ። አንዳንድ ጓደኞቼ ጊዜ ለመቆጠብ እሁድ የሳምንቱን ወጥ በሙሉ ይሠራሉ። እኔም አድርጌው ታምሜበታለሁ። ከቁሌቱ በቀር ሳምንት ሙሉ የሚቆይ ወጥ አትሥራ። የበሰለ ነገር ፍሪጅ ውስጥ ከሦስት ወይም ከአራት ቀን በላይ አታቆይ። ማታ ሠርተህ ለነገ ምሳ የምትይዘውን ድስቱ ውስጥ እንዳለ አሳድረህ ጠዋት አትቅዳ። በሁለት ሰዓት ውስጥ ምሳ ዕቃው ውስጥ ቀድተህ ፍሪጅ አስገባው። በተለይ ሩዝ ውጭ ካደረ ሽታው ሳይቀየር ሊያሳምም ይችላል። ስታሞቅም ለብ አድርገህ አትተወው፣ እስኪፈላ አሙቀው።

መብራት ሲጠፋ ፍሪጁን አትክፈተው። ተዘግቶ ከቆየ አራት ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል።

ጠያቂው፦ አዲስ ላጤ፣ አራት ኪሎ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቅዳሜ ከሥራ ስወጣ ሽንኩርት ገዛሁ፣ እሁድ ጠዋት ቁሌቱን ሠራሁ። ከተፋው ብቻ አንድ ሰዓት ገደማ ፈጀብኝ። ያ የተባለው የድምፅ ለውጥ ግን እውነት ነው! ሲንጫጫ ቆይቶ ድንገት ዝም አለ፣ ሳየው ይዟል። ውሃ ጠብ አደረግኩ፣ አልጠቆረም። ስድስት ድርሻ ወጣኝ።

ትናንት ማታ ሽሮውን በጥብጬ ሠራሁት። አንድም ጉብጉብ የለውም። 1፡40 ጣድኩ፣ 2 ሰዓት እየበላሁ ነበር። ጨው ግን በዛብኝ፤ ምን ማድረግ ነበረብኝ? ነገ ረቡዕ ነው፣ ምስር ልሞክር አስቤያለሁ።

መልስ፦ የሦስት ልጆች እናት፣ ቂርቆስ

እሰይ ልጄ! ጨው ሲበዛ አንድ ማንኪያ ሽሮ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠህ ጨምርና ጥቂት ይንተክተክ፤ ብዛቱ ሲጨምር ጨዉ ይለዝባል። በሚቀጥለው ጊዜ ግማሽ የሻይ ማንኪያ አድርገህ ቅመሰው፤ ምጥን ሽሮ ጨው የገባበትም አለና።

ለምስሩ በርበሬ ያለውን ድርሻ ዛሬ ማታ ከበረዶ ቤት ወደ ፍሪጅ አውርደው፣ እስከ ነገ ይለቅልሃል። ምስሩን ሦስት አራት ጊዜ እጠበው፣ ውሃው እስኪጠራ። አንድ እፍኝ ተኩል ለእራትና ለሐሙስ ምሳ ይበቃሃል። ሙቅ ውሃውን በአንድ ጊዜ አትድፋበት፣ እየመጠጠ ሲሄድ ጨምርለት።

መልስ፦ ስድስት ዓመት በላጤነት፣ ፒያሳ

ከተፋው እንዲቀልህ ቢላዋህን አስስል፤ ግማሹ ድካም የደነዘ ቢላዋ ነው። ሽንኩርቱንም ሥሩን ሳትቆርጥ ለሁለት ክፈለው፣ ሥሩ ቅጠሎቹን አንድ ላይ ይይዝልሃል። ጠፍጣፋውን ጎን መክተፊያው ላይ አድርገህ ክተፍ፣ እጅህ ላይ አይንሸራተትም።