የአሮጌ መኪና ጌጅ፦ ምን ልግዛ፣ ለማን ልስጥ?

«የነዳጁም የሙቀቱም ጌጅ አንድ ላይ ከፍ ብለው ያነባሉ። ጌጆቹን (ዳሽቦርዱ ላይ ያሉትን ባለ ቀስት መለኪያዎች) ልቀይር ወይስ ላሠራቸው? ካሠራሁስ ለማን ልስጥ?» ብለህ ለጠየቅከው ወንድሜ፣ የኔ ጥቆማ ለጊዜው ምንም አትግዛ ነው።

ሁለት ጌጅ በአንድ ቀን ተነጋግሮ አይበላሽም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ የተሠሩ ብዙ መኪኖች ላይ ሁለቱም ኃይል የሚያገኙት ከዳሽቦርዱ ጀርባ ካለች አንዲት ትንሽ የቮልቴጅ ማረጋጊያ ነው። በእንግሊዝ መኪኖች 10 ቮልት፣ በብዙ የፎርድና የክራይስለር መኪኖች ደግሞ በአማካይ 5 ቮልት አካባቢ ትሰጣለች። የእንግሊዞቹ ማረጋጊያ ግራውንድ (በታሰረችበት ብሎንና በመኪናው ቦዲ በኩል ወደ ባትሪው የሚመለሰውን መስመር) ሲያጣ የባትሪው ቮልት እንዳለ ያልፋል። ያኔ ሁለቱም ቀስቶች ወደ ላይ ይወጣሉ።

እኔን ያንከራተተኝ ይኸው ነው። ሞተሬ ጋለ ብዬ ቴርሞስታት ቀየርኩ። ያገለገለ የሙቀት ጌጅም ገዛሁ። ለውጥ የለም። በመጨረሻ ማረጋጊያዋ የታሰረችበትን ብሎን ስፈታ ሥሩ ዝጎ ቡናማ ሆኗል። በብርጭቆ ወረቀት አሽቼ መልሼ አሰርኩት። ቁልፉን ሳዞር ቀስቱ ቀስ ብሎ ተነስቶ መሃል ላይ ቆመ። ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ እስካሁን አልረሳውም።

ብሎኑ ንጹሕ ሆኖም ካልተስተካከለ ማረጋጊያዋን ቀይር። የድሮው ዓይነት ውስጡ በሙቀት እየታጠፈ የሚያበራና የሚያጠፋ ብረት ስላለው በዲጂታል ቴስተር ስትለካው ቁጥሩ ይዘላል። ያ ብልሽት አይደለም። ኤሌክትሮኒኩ ግን ቀጥ ያለ ቮልት ይሰጣል፣ የሚያረጅ መገናኛም የለውም። እኔ እሱን እመርጣለሁ። ብቻ ከመግዛትህ በፊት የመኪናህ ቦዲ ከባትሪው ኔጋቲቭ ጋር የተያያዘ መሆኑን እይ። የአንዳንድ የቆዩ የእንግሊዝ መኪኖች ቦዲ የተያያዘው ከፖዘቲቩ ጋር ነው፤ ለእነሱ የሚሆነው ሌላ ነው።

አንዱ ጌጅ ብቻ ከሆነ የተዛባው ግን ነገሩ ሌላ ነው። የሴንሰሩን (ነዳጁን ወይም ሙቀቱን ለክቶ ለጌጁ የሚነግረውን ዕቃ) ሽቦ ነቅለህ ለአንድ አፍታ ቦዲ አስነካው። ቀስቱ ወደ አንዱ ጫፍ ከሄደ ጌጁና ሽቦው ደህና ናቸው፣ ጥፋቱ ከሴንሰሩ ነው። ብዙ አታቆየው፣ ጌጁ ይቃጠላል። ቤንዚን የሚሸትበት ቦታ ላይ ደግሞ በፍጹም አታድርገው፤ ብልጭታ አይታመንም።

የነዳጅ ሴንሰር ስትገዛ «ለሁሉም ይሆናል» የሚባለውን አልመክርም። የሴንሰሩ ሬዚስታንስ (በኦም የሚለካው የኤሌክትሪክ ተቃውሞ) ከመኪና መኪና ይለያያል። ብዙዎቹ የጄኔራል ሞተርስ መኪኖች ባዶ ሲሆኑ 0፣ ሲሞሉ 90 ኦም ናቸው። ብዙዎቹ የድሮ ፎርዶች ባዶ 73፣ ሙሉ 10 ገደማ። ብታደባልቃቸው ታንከሩ ሞልቶ ባዶ ይልሃል። ሻጩ ፊት የሴንሰሩን ተንሳፋፊ ወደ ላይና ወደ ታች እያደረግህ በቴስተር ለካው። የሙቀት ሴንሰር ጥርስ ላይም ቴፍሎን (ውኃ እንዳያፈስ የሚጠመጠመውን ነጭ ፕላስተር) አትጠምጥም፣ ግራውንዱን ሊያሳጣው ይችላል።

ለማን ልስጥ ላልከው፣ እስካሁን ያልኩትን ሁሉ ጎበዝ የመኪና ኤሌክትሪሻን ይሠራዋል። ስፒዶሜትር ግን ለእሱ አትስጥ። ቀስቱ ከተንቀጠቀጠ አስቀድመህ ኬብሉን አውጥተህ ጥርግ አድርገው፣ ስስ ግሪስ ቀባው። ወደ ቆጣሪው የሚገባውን ጫፍ ደረቅ ተወው፤ ግሪሱ ከኬብሉ ጋር እየተሽከረከረ ወጥቶ ውስጡን ያበላሻል። ኬብሉ ደህና ሆኖ አሁንም ከዘለለ ውስጡ ማግኔትና እንደ ፀጉር የቀጠነ ስፕሪንግ አለ። ያ የጌጅ ጥገና ብቻ የሚሠራ ሰው እጅ ይፈልጋል።

አምፔር ጌጅ (ባትሪው እየተሞላ ወይም እየወጣ መሆኑን የሚያሳየው) ካለህ ጀርባው ላይ ያሉትን ዳዶዎች አጥብቅ። ብዙ ኃይል በእነሱ በኩል ስለሚያልፍ ሲላሉ ይግላሉ።

አንተ ግን ከብሎኑ ጀምር። እጅህን ወደ ዳሽቦርዱ ጀርባ ከመስደድህ በፊት ባትሪውን ንቀል፤ ካጸዳህ በኋላ መልሰህ አያይዘውና ማረጋጊያዋ የምትሰጠውን ቮልት ለክተህ ጻፍልኝ፣ ከዚያ አብረን እናያለን።