የዲስፓቸር የተግባር ፈተና የሚሰጠው ማን ነው?

ጠያቂ (ቨርጂኒያ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። በአሜሪካ የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር (ኤፍኤኤ) የጸደቀውን የዲስፓቸር (የአየር መንገድ በረራን ከምድር ሆኖ የሚያቅድና የሚከታተል ባለሙያ) ኮርስ በዚህ ወር እጨርሳለሁ፤ የጽሑፍ ፈተናውንም አልፌያለሁ። የቀረኝ የተግባር ፈተናው ነው። በአንድ አየር መንገድ ለሃያ ዓመታት በዲስፓቸርነት የሠሩ ጋሼ የምላቸው ሰው «ከፍለኸኝ እኔው ፈትኜ እፈርምልሃለሁ፤ ፈታኝ ነበርኩ» ብለውኛል። ሙያቸውን አልጠራጠርም፤ ፊርማቸው ግን ይጸናል?

መልስ (ዳላስ፣ ዲስፓቸር)፦
ወንድሜ፣ አሁን በእጃቸው ከኤፍኤኤ የተሰጠ የመፈተን ውክልና ከሌለ አይጸናም። የአሜሪካ አቪዬሽን ደንብ ክፍል 65 የተግባር ፈተናውን የሚሰጠው አስተዳደሩ ነው ይላል። በተግባር ሲታይ ይህ ማለት የኤፍኤኤ ኢንስፔክተር ወይም በክፍል 183 መሠረት ውክልና የተሰጠው የግል ፈታኝ ማለት ነው። ኢንስፔክተር ገንዘብ አይቀበልም፤ ተወካይ ፈታኝ ግን ሊያስከፍል ስለሚችል፣ ክፍያ መጠየቃቸው ብቻውን አያስጠረጥርም። መታየት ያለበት የውክልና ማስረጃቸው ነው። የሰነዱን የማብቂያ ቀንና የተፈቀደላቸውን የፈተና ዓይነት አይተው፣ ስማቸውን በኤፍኤኤ የተወካዮች መፈለጊያ ያረጋግጡ።

ጠያቂ፦
አመሰግናለሁ። የትምህርት ቤቱ መምህሬስ ሊፈትነኝ ይችላል?

መልስ (አትላንታ)፦
መምህር መሆን ፈታኝ አያደርግም። ደንቡ ትምህርት ቤቱን የሚጠይቀው የዲስፓቸር ሰርተፍኬት ያለው አንድ አስተባባሪ መምህር እንዲኖረው፣ ለአንድ መምህርም ከ25 ተማሪ በላይ እንዳይመደብ ነው። የመፈተን ሥልጣን የሚገኘው በተለየ ውክልና ነው። መምህርዎ ውክልና ቢኖረው እንኳ ራሱ ያስተማረውን ለመፈተን ይፈቀድለት እንደሆነ ተቆጣጣሪውን የኤፍኤኤ ጽሕፈት ቤት አስቀድመው ይጠይቁ፤ እኔ ብሆን የማያውቀኝን ሰው እመርጣለሁ።

መልስ (ሜሪላንድ)፦
አዲስ አበባ ላይ በሙያው ሠርተው ለመጡ አንድ ነገር ልጨምር። በኮርስ ፈንታ በሥራ ልምድ ለፈተናው ለመቅረብ ካለፉት ሦስት ዓመታት ውስጥ ቢያንስ ሁለቱን በደንቡ በተዘረዘሩት ሥራዎች ማሳለፍ ያስፈልጋል። በረዳትነት የተሠራው ሥራ የሚቆጠረው ግን በአሜሪካ ደንብ ሰርተፍኬት በተሰጠው ዲስፓቸር ቀጥተኛ ክትትል ሥር ከሆነ ነው። አስተዳደሩ ተመጣጣኝ ብሎ የሚቀበለው ሌላ ሥራም ስላለ ጉዳዩን ኢንስፔክተር ፊት ማቅረብ ይቻላል፤ ካልሆነ ቢያንስ 200 ሰዓት የሚወስደው ኮርስ አለ። ለሰርተፍኬቱ 23 ዓመት መሙላት ግድ ነው፤ ለጽሑፍ ፈተናው 21 ይበቃል።

ጠያቂ፦
መፈለጊያው ላይ ስማቸውን አጣሁ። ሲጠየቁ ውክልናው በቀድሞ ቀጣሪያቸው ድጋፍ የተሰጣቸው መሆኑን ነገሩኝ።

መልስ (ዳላስ፣ ዲስፓቸር)፦
እንግዲያው ነገሩ ግልጽ ነው። ክፍል 183 ለውክልናው ድጋፍ ከሰጠው ቀጣሪ ጋር ሲለያዩ ውክልናውም ያበቃል ይላል። ጋሼ ሊያታልሉዎት አስበው ላይሆን ይችላል፤ ውክልናው ማብቃቱን ሳያውቁ ቀርተው ይሆናል። ለፈተናው በመኖሪያዎ አቅራቢያ ላለው የኤፍኤኤ ጽሕፈት ቤት ይደውሉ፤ የጽሑፍ ፈተናው ውጤት የሚያገለግለው 24 ወር ስለሆነ ቀጠሮውን አያዘግዩ። ጋሼን ደግሞ የበረራ ዕቅድ ሲለማመዱ እንዲያዩልዎ ይለምኗቸው፤ ለዚያ ውክልና አያስፈልግም።