የጀልባ ልብስ ራሱ የሰፋ ሰው አለ? (ጎርጎራ ላለች ትንሽ ባለሸራ ጀልባ)

አዘዞ_ማዶ
ሰላም እንዴት ናችሁ። ከአጎቴ ጋር በጋራ የያዝናት አንዲት ትንሽ ባለሸራ ጀልባ ጎርጎራ አለችን፣ ፋይበር ናት፣ ርዝመቷ 4 ሜትር ከ20፣ ወርዷ ሰፊው ቦታ ላይ 1 ሜትር ከ60፣ መቀመጫዎቿ ግን እንጨት ናቸው። እኛ የምንኖረው ጎንደር ነው እሷ ያለችው 60 ኪሎ ሜትር ርቃ፣ ቢበዛ በ15 ቀን አንዴ ብንሄድ ነው፣ በቀረው ጊዜ ዳር ተስባ ፀሐይና ዝናብ ይፈራረቅባታል። አምና ክረምት ሰማያዊ ላስቲክ ገዝቼ ዙሪያዋን በሲባጎ ጥፍር አድርጌ አሰርኩና አለቀ ብዬ ተመለስኩ። ነሐሴ ላይ ስሄድ ላስቲኩ መሃሉ ረግቦ እንደ ገንዳ ውሃ ቋጥሯል፣ አንዱ ጥግ ተተርትሯል፣ ውስጡ ሻጋታ በሻጋታ፣ እንቁራሪት ሳትቀር ገብታ ቤቴ ብላለች😂 ጥቅምት ላይ የተረፈውን ላነሳ ስል ደግሞ እጄ ላይ እንደ ደረቀ ቅጠል ፍርፍር አለ። አሁን ሰኔ ሳይገባ ደህና ነገር መስፋት ፈልጌያለሁ፣ በዛውም ውሃ ላይ ስንሆን ጥላ ቢሆነን እንዴት ደስ ባለኝ፣ የጣና የቀትር ፀሐይ አናት ነው የሚበሳው። ምን አይነት ሸራ ልግዛ? (ነፋስ የሚይዘውን ሸራ ማለቴ አይደለም፣ የምትለብሰውን ነው)

ድንኳን_ሰፊው
ወንድሜ ያንተ ችግር ሸራው አይደለም፣ አሰራርህ ነው። ጥፍር አድርገህ ካሰርከው ጠፍጣፋ ይሆናል፣ ጠፍጣፋ ከሆነ ውሃ ይቋጥራል። አንድ ካሬ ሜትር ቦታ ላይ 10 ሳንቲም ውሃ ቢቆም 100 ሊትር ነው፣ አንድ ኩንታል ጤፍ ጫንክባት ማለት እኮ ነው፣ ምን አይነት ላስቲክ ይችለዋል?

ጣራ ነው የምትሰራው ብለህ አስብ። ከተራዳው (የነፋሱ ሸራ ከሚሰቀልበት ቋሚ ምሰሶ) ወደ ኋላ አንድ አግዳሚ ዘርጋ፣ የጀልባዋ ሸራ ግርጌ ያለው እንጨት ራሱ ይበቃል፣ ከኋላ መቀስ የሚመስል ሹካ ሰርተህ አስደግፈው። ከጀልባዋ ጠርዝ እስከ አግዳሚው ቁመቱ ከ50 ሳንቲም አይነስ። ግማሽ ወርድህ 80 ነው ካልክ አንዱ ክንፍ 94 ሳንቲም ገደማ ይመጣል፣ ከጠርዙ አልፎ ወደ ታች የሚወርድ 30 ጨምርበት፣ በሁለቱም ጎን ስትደምረው 2 ሜትር ከ50 ሸራ ያስፈልግሃል። ርዝመቱን 5 ሜትር አድርገው።

ጨርቁን በተመለከተ፣ የጭነት መኪና ሸራ (ያ ፕላስቲክ የተቀባው) ውሃ አያስገባም፣ ፀሐይም ከላስቲክ በብዙ ይሻላል፣ ግን ይከብዳል፣ አይተነፍስም። የጥጥ ሸራ ይተነፍሳል ግን እርጥብ ታጥፎ ከተቀመጠ ያው ይበሰብሳል፣ የእድራችን ድንኳን አንድ ክረምት ሳይደርቅ ታጥፎ ምን እንደሆነ እኔ ነኝ የማውቀው፣ ሽታው እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ። ላንተ የመኪናውን ነው የምመክርህ ግን ፊትና ኋላውን አትዝጋው፣ ነፋስ ይለፍበት። አምና የሻገተብህ ከዝናቡ ይልቅ ከታች የታፈነው እርጥበት ነው።

ስፌቱ እንደ ጅንስ ሱሪ ጎን ድርብ እጥፍ ይሁን፣ አደራረቡ ደግሞ እንደ ቆርቆሮ የላይኛው የታችኛውን ይሸፍን። ክሩ ፖሊስተር፣ የጥጥ ክር እንዳታስገባ። በእጅህ ከሰፋህ ክሩን በሰም ፈትገው።

ጎርጎሬው
ከላይ የተባለው ሁሉ ልክ ነው ግን ልብሱንና ጥላውን አንድ አድርገህ ለመስራት አትሞክር፣ እኔ ሞክሬ ሁለቱንም አበላሽቻለሁ። 7 ኪሎ የሚሆን ሸራ ውሃ ላይ ሆነህ ስትዘረጋና ስትጠቀልል ጀልባዋ ስትንገዳገድ ታየዋለህ። ለጥላ ቀለል ያለ ነጣ ያለ ጨርቅ፣ 2 ሜትር በ2 ሜትር፣ ሁለት ቀርከሃ ከጫፍና ከጫፍ አስገብተህ ያንኑ አግዳሚ ላይ ጣል፣ አራት ገመድ፣ በቃ። ሲፈታ በአንድ መሳብ እንዲፈታ አድርገህ እሰረው። ጣና ጠዋት ዝም ያለ ይመስልሃል ከሰዓት በኋላ ግን ነፋሱ ይነሳል፣ ያኔ ጥላህ ሳትፈልገው ሁለተኛ ሸራ ሆኖ ይወስድሃል።

ስለ ፀሐዩ ደግሞ እንዳትቀልድ፣ ሐይቁ ያለው 1,800 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ነው፣ በየ1,000 ሜትሩ የሚያቃጥለው ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል ይባላል፣ ላስቲክህ የተፈረፈረው ለዛ ነው።

ሌላ ደግሞ ተራዳው ሸራውን የሚነካበት ቦታ ሁሉ በአንድ ክረምት ፈትጎ ይበሳዋል፣ አሮጌ የባጃጅ ካላማዳሪ ቆርጠህ ጠቅልልበት።

አያ_ጣና
ልጆች ለምን ነገር ታከብዳላችሁ? ገልብጧት! ሁለት ግንድ ላይ አፏን ደፍታችሁ አስቀምጧት፣ ታንኳም ሲወጣ እንዲደርቅ ይቆማል እንጅ ልብስ ሲሰፋለት አላየሁም።

አዘዞ_ማዶ
አያ እውነት ብለዋል ግን እኔና አጎቴ ሁለት ሰው ነን፣ እሱ ደግሞ ወገቡን ያመዋል፣ ስንገለብጣት አንድ ቀን እግሬ ላይ ትወድቃለች😅 በዛ ላይ በሄድን ቁጥር ተራዳውን መንቀል አለብን።

@ድንኳን_ሰፊው እሽ ገባኝ፣ ግን ሸራው ጠርዝ ላይ ገመድ የሚገባበትን የብረት ቀለበትሳ? የሚመታልኝ ሰው ካጣሁስ?

ድንኳን_ሰፊው
ቀለበት አያስፈልግህም። ክብ ጠጠር ወይ የለስላሳ ቆርኪ ከውስጥ አስቀምጠህ ጨርቁን ጠቅልልበት፣ አንገቱን በገመድ እነቀው፣ አይወጣም፣ ጨርቁም አይቀደድም። ሁሉንም ጎን ጀልባዋ ላይ አትሰር፣ መሃል ላይ ያሉትን ውሃ የሞላ ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ አንጠልጥልባቸው፣ ነፋስ ሲመጣ ከፍ ዝቅ ይላል እንጅ አይተረተርም። ጥጎቹን አራቱን ግን አጥብቀህ እሰር።

አዘዞ_ማዶ
ቅዳሜ ሄጄ በአሮጌ አንሶላ ልኩን አወጣሁ፣ እናቴ አንሶላዋን ስትፈልግ ነው የዋለች። አግዳሚው ላይ ጣል ስናደርገው ቅርፁ ወዲያው ታየን፣ ፊቷ ስለሚጠብ ያ 2 ከ50 ያላችሁት ወደ ፊት 1 ሜትር ከ80 ይበቃል። የከበደኝ ተራዳው ጋ ነው፣ ቀዳዳ ልቅደድለት?

ድንኳን_ሰፊው
ኧረ እንዳትቀድ! ከፊት ጫፍ እስከ ተራዳው ድረስ መሃሉን ሰንጥቀው፣ ተራዳውን በሁለቱም ጎን አቅፎት እንዲያልፍ፣ ከዛ አንዱን ክንፍ በሌላው ላይ 20 ሳንቲም አደራርበህ በሦስት ቦታ እሰረው። ተራዳው ዙሪያ ላይ አንገትጌ የመሰለ ነገር ስፋበትና በካላማዳሪ ጠበቅ አድርገው፣ ውሃ የሚገባው ሁሌም በዛች ነው። አንሶላውን ሳትቆርጥ ግን ለእናትህ መልስ።