መረብ የተጠመጠመበት ፔሊካን፦ ክሩን ቆርጦ ዛሬውኑ መልቀቅ ወይስ ማቆየት?

ጥያቄ፦ ጣና ዳር

ሰላም ለቤቱ። ባሕር ዳር ላይ የቆሰሉ አእዋፍን የምንቀበል ጥቂት በጎ ፈቃደኞች ነን። ትናንት ማታ አጥማጆች አንድ ነጭ ፔሊካን በጀልባ አምጥተው ሰጡን። ቀጭኑ የላስቲክ መረብ (ሞኖፊላመንት የሚሉት) በግራ ክንፉና በቀኝ እግሩ ላይ ተጠምጥሟል፤ እግሩ ላይ ቆዳው ውስጥ ሰርጎ ገብቷል። ከምንቃሩ ሥር ያለው ከረጢት ላይም መንጠቆ ተሰክቷል። ይቆማል፣ ለመናከስ ይሞክራል፣ ዓይኑ ንቁ ነው። በእህል ሚዛን 7 ኪሎ ሆነ። ለጊዜው ምንቃሩን በፕላስተር ጠቅልለን፣ ጋራዥ ውስጥ ጭድ ጎዝጉዘን አስቀምጠነዋል። ክሩን ቆርጠን ዛሬ ሐይቁ ላይ እንልቀቀው ወይስ ይቆይ? ይቆይ ካላችሁ ምን ያህል ዓሣ እናዘጋጅ?

ክንፈ ነጭ፦

ከሁሉ በፊት ፕላስተሩን አንሡለት፣ አሁኑኑ! ፔሊካን እንደ ዶሮ ምንቃሩ ላይ ክፍት የአፍንጫ ቀዳዳ የለውም፤ የሚተነፍሰው በአፉ ነው። ጥብቅ ብሎ ከታሰረ ይታፈናል። ማሰሩ ግድ ከሆነ አውራ ጣት የሚያህል የጨርቅ ጥቅል በመንጋጎቹ መካከል አግብታችሁ፣ ጫፉ ላይ ላላ አድርጋችሁ ነው፤ እሱም ለሥራው ደቂቃዎች ብቻ።

ጭዱንም አውጡት። ጭድ ላይ የሚበቅለው አስፐርጊለስ የሚባል ሻጋታ የውኃ ወፎችን ሳንባ ይይዛል፣ ከያዘ በኋላ ደግሞ ማዳኑ እጅግ ከባድ ነው። የታጠበ አሮጌ ብርድ ልብስ ደራርባችሁ አንጥፉ። ባዶ ሲሚንቶ ላይም አይዋል፣ የእግሩ ሥር ይቆስላል። ክፍሉ ጨለም ያለ፣ ሞቅ ያለና ጸጥ ያለ ይሁን፤ ሰው እየገባ እየወጣ አይጎብኘው።

የእንስሳት ሐኪም፣ ዳንግላ፦

ዛሬ አይለቀቅ። የክር ጉዳት አታላይ ነው። ክሩ የደም ሥሩን አንቆ ሲቆይ ሥጋው እዚያው ወዲያው አይጠቁርም፤ ክሩ ከወጣ ከቀናት በኋላ ነው መሞቱ የሚታየው። «ምንም አልሆነም» ተብሎ የተለቀቀ ወፍ በሳምንቱ እግሩ በስብሶ ዳር ላይ ይገኛል። ቁስሉ ቀላል ቢመስልም ቢያንስ 7 ቀን አቆዩት።

ለሥራው ሦስት ሰው ያስፈልጋል፦ አንዱ ጭንቅላቱን ከመንጋጋው ኋላ ይያዝ፣ አንዱ ክንፎቹን አጥፎ ከጎኑ ጋር ያቅፍ፣ ሦስተኛው ይቁረጥ። ሁላችሁም መነጽር አድርጉ፤ የምንቃሩ ጫፍ ቆልማማና ስለታም ነው፣ ፊት ላይ ይሰነዝራል። ያቀፈው ሰው ደረቱን እንዳይጨምቅ፤ ወፍ ድያፍራም ስለሌለው የሚተነፍሰው የደረት አጥንቱን ከፍ ዝቅ እያደረገ ነው። ሲዳሰስ ከቆዳው ሥር የሚንኮሻኮሽ ነገር ይሰማችኋል፣ አትደንግጡ። በሌላ ወፍ ቢሆን የአየር ከረጢት ተቀደደ እንላለን፤ ፔሊካን ግን ከቆዳው ሥር አየር መያዝ ተፈጥሮው ነው።

ክሩን ጫፉ ድፍን በሆነ የፋሻ መቀስ ቁረጡ እንጂ አትጎትቱ። ሥጋ ውስጥ የገባውን በሞቀ የጨው ውኃ አሥር ደቂቃ ያህል አርጥባችሁ፣ በወረንጦ ብድግ አድርጋችሁ፣ ዙር በዙር አውጡ። የጨው ውኃው አንድ ሊትር ፈልቶ የበረደ ውኃና 9 ግራም ጨው ነው፣ አንድ ተኩል ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ገደማ። ላባ ሥር አንዲት ዙር ከቀረች ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው፤ በጣታችሁ ጫፍ እስከ ብብቱ ድረስ ዳስሱ።

መንጠቆውን ወደ መጣበት አትሳቡት። ጫፉን ወደፊት ገፍታችሁ በቆዳው አሳልፉት፣ ወደ ኋላ የዞረችውን እሾህ በፒንሳ ቁረጡ፣ ከዚያ ዘንጉን መልሳችሁ ሳቡ። ክር ወደ ጉሮሮው የሚወርድ ካያችሁ ግን አቁሙ። ሆዱ ውስጥ ሌላ መንጠቆ ሊኖር ስለሚችል ራጅ ይፈልጋል። የመንጠቆ ቀዳዳ ራሷ ትገጥማለች፤ ከረጢቱ ከተተረተረ ግን ውስጡና ውጩ ለየብቻ መሰፋት አለበት፣ አለዚያ በከረጢቱ የያዘው ዓሣ በቀዳዳው ይወድቃል።

ደጀን 21፦

የቴትራሳይክሊን ካፕሱል ፈታችሁ ዱቄቱን ነስንሱበት፣ ላዩን ለጋ ቅቤ ቀቡት። ከብት ላይ ሁሌ የሚደረግ ነው፤ ለሕመሙም የሰው ዳይክሎፌናክ ይበቃዋል።

የእንስሳት ሐኪም፣ ዳንግላ፦

ወንድሜ፣ ሦስቱም አይሆኑም። ቅቤም ሆነ ቫዝሊን ላባው ላይ ከተሰራጨ ላባው ውኃ መመለሱን ያቆማል፤ ወፉ ሐይቁ ላይ ሲያርፍ እስከ ቆዳው ይርሳል፣ ይበርደዋል፣ ይሞታል። ዳይክሎፌናክ የጥንብ አንሳን ኩላሊት ገድሎ የሚጨርስ መድኃኒት ነው፤ ለማንኛውም ወፍ አልሰጥም። ለሕመም ሜሎክሲካም አለ፣ መጠኑ በክብደቱ ተሰልቶ በሐኪም ነው። የተነሰነሰ ዱቄት ደግሞ ጋግሮ ቁስሉን ከመሸፈን በቀር ጥቅሙ አይታየኝም። ፖቪዶን አዮዲን ቀጭን ሻይ እስኪመስል በውኃ አቅጥናችሁ እጠቡበት፤ አልኮል አታስነኩት። ለፀረ ተሕዋስያን መርፌ ዘንዘልማ ያሉትን የዩኒቨርሲቲው የእንስሳት ሕክምና ባለሙያዎች ጠይቁ።

ቆሮሶ ነጋዴ፦

ስለ ምግቡ። ጤነኛ ፔሊካን በቀን ከ1 ኪሎ እስከ 1.4 ኪሎ ዓሣ ይጨርሳል፤ እናንተ ግን ከዚያ አትጀምሩ። መጀመሪያ የደረቱን አጥንት ዳስሱ። ሴቷ 7 ኪሎ ብትመዝን ጤነኛ ናት፤ ወንዱ ከ9 ኪሎ በላይ ስለሚሆን በ7 ኪሎ ከስቷል ማለት ነው። አጥንቱ እንደ ቢላዋ ሹል ከሆነ ብዙ ቀን ጾሟል። የጾመን ወፍ ወዲያው በዓሣ መሙላት ይገድለዋል፤ መጀመሪያ ቀን ፈሳሽ፣ ከዚያ ጥቂት ጥቂት።

ፈሳሹ ከፋርማሲ የሚገዛው ኦአርኤስ ነው፣ ለብ ብሎ። በአፉ አታፍስሱበት! የመተንፈሻው ቀዳዳ ከረጢቱ ወለል ላይ፣ ከትንሿ ምላሱ ኋላ ተከፍቶ ይታያል፤ የፈሰሰ ሁሉ እዚያ ይገባል። ቱቦ ማስገባት ለሚያውቅ ሰው ይቅር። ቀላሉ ዘዴ ትንንሽ ዓሣ ገዝቶ በዓሣው ሆድ ውስጥ ፈሳሹን በሲሪንጅ ወግቶ ማብላት ነው።

ዓሣው ትኩስ ቆሮሶ ይሁን፣ በጭንቅላቱ በኩል ይሰጠው፤ በጅራቱ ከገባ የጀርባው እሾህ ጉሮሮውን ይወጋል። አምባዛ ከሆነ ከጭንቅላቱ ግራና ቀኝ ያሉትን ጠንካራ እሾሆች በፒንሳ ሳትቆርጡ እንዳትሰጡ። በረዶ ቤት የቆየ ዓሣ ቫይታሚን ቢ1 ስለሚያጣ ለአንድ ኪሎ ዓሣ 25 ሚሊ ግራም ያህል ቲያሚን ጨምሩ። ዳቦ፣ እንጀራ፣ የበሬ ሥጋ አይነካ። በእጅ ከመስጠት ይልቅ ሰፊ ሳፋ ውስጥ ውኃ ሞልታችሁ ዓሣውን ጣሉለት፤ ራሱ አፍሶ መብላቱ ጥሩ ምልክት ነው፣ ሰውም አይለምድም።

ጣና ዳር፦

እግዜር ይስጥልን። ፕላስተሩና ጭዱ ወጥተዋል፣ ክሩም አልቋል። ከቁስሉ በታች እግሩ ያበጠ ነው፤ ከሌላው እግር ይልቅ ይቀዘቅዛል። ተስፋ አለው?

የእንስሳት ሐኪም፣ ዳንግላ፦

እብጠቱ ብቻ ቢሆን አያሰጋም ነበር፤ ቅዝቃዜው ነው የሚያሳስበኝ። ጠዋትና ማታ የጣቶቹን መካከል ያለውን ስስ ቆዳ ቆንጠጥ አድርጉ፤ እግሩን ከሳበ ስሜት አለ። ቀለሙ እየጠቆረ፣ እየደረቀ፣ ስሜት አልባ እየሆነ ከሄደ እግሩ አልቋል። ይህን የሚያህል ከባድ ወፍ በአንድ እግር ሐይቅ ላይ አይኖርም፤ ያኔ ሥቃዩን በሐኪም ማሳጠር እንጂ ግቢ ውስጥ ማኖርን አልደግፍም። በአራትና በአምስት ቀን መሞቅ ከጀመረ ተስፋ አለ።

ክንፈ ነጭ፦

ከመለቀቁ በፊት የሚታየው ይህ ነው፦ ክብደቱ ሳይወርድ ጥቂት ቀን መቆየቱ፣ ሁለቱንም ክንፎች እኩል ማራገቡ፣ ገንዳ ላይ አንድ ሰዓት ዋኝቶ የደረቱ ላባ ሥር ደረቅ መሆኑ። ከውኃ ለመነሣት እየሮጠ ረጅም ርቀት ስለሚያስፈልገው ጠባብ ቦይ ላይ አትልቀቁት። ጠዋት፣ ሌሎች ፔሊካኖች ባሉበት፣ ከዓሣ ማራገፊያውና መረብ ከተጣለበት ራቅ ብላችሁ።

ዶሮ ያላቸው በጎ ፈቃደኞች ጓንትና ማስክ አድርገው ይሥሩ፣ ጫማቸውንም እዚያው ያጥቡ። በ2021 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በሴኔጋል ጁጅ ፓርክ ከ700 በላይ ፔሊካኖች በወፍ ጉንፋን ሞተዋል። መረብ ሳይነካው አንገቱን የሚደፋ ወይም የሚንገዳገድ ወፍ ካገኛችሁ በባዶ እጅ አታንሡት።

ወረቀቱንም አትርሱ። በአዋጅ ቁጥር 541/1999 መሠረት የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መያዝ ስለማይቻል፣ የተገኘበትን ቀን፣ ቦታና ክብደት ጽፋችሁ ለክልሉ የዱር እንስሳት ጥበቃ ቢሮ ዛሬውኑ አሳውቁ። ሆለታ አጠገብ ያለው የቦርን ፍሪ ማዕከል፣ እንሰሳ ኮቴ፣ ምክር ሊሰጣችሁ ይችላል፤ ወፉን እስከዚያ ድረስ በመኪና ማመላለስ ግን ከቁስሉ የባሰ ነው። ቲክቶክ ላይ ታቅፎ መነሣትም ይቅር፣ ነገ ሌላው አንዱን ይዞ ቤቱ ያስቀምጣል።